ሁለተኛው ክር

አልጋነሽ ከአፍንጮ በር ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስትወርድ ሰውየው አሁንም ከኋላዋ ነበር።

መጀመሪያ ያየችው ከግቢዋ ወጥታ የአጥሩን ጥግ ስትዞር ነው። ግራጫ ካፖርት የለበሰ፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ ረጅም ሰው። ስትቆም ይቆማል፤ ስትራመድ ይራመዳል። አንዴ ጫማዋ ውስጥ ጠጠር የገባ አስመስላ ጎንበስ ብትል፣ እሱም ክብሪት የጠፋበት ይመስል ኪሱን መዳበስ ጀመረ። አልጋነሽ ነጠላዋን አጣፋች፤ በብብቷ ሥር የያዘችውን የብስኩት ቆርቆሮም ጠበቅ አደረገችው።

ወሩ ጥር፣ ዘመኑ 1953 ነው። ክቡር ዘበኛ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ላይ ተነሥቶ፣ በከተማው መሐል ከጦር ሠራዊቱ ጋር ተታኩሶ ከተሸነፈ ገና ወር ማለፉ ነበር። የጥይቱ ቀዳዳ ከየግንቡ ላይ አልተለሰነም። አራዳ እንደ ወትሮው ሱቁን ከፍቶ ወርቁን መስኮት ላይ ቢደረድርም አንደበቱን ግን ቆልፎ ነበር። ቡና ቤት የገባ ሰው ባንኮኒው ላይ ክርኑን ከማስደገፉ በፊት ጎኑ የቆመውን ከጫማው እስከ ባርኔጣው ይመረምራል። «እንዴት ሰነበትክ?» ሲባል እንኳ፣ ምን ለማለት ፈልጎ ነው ብሎ ያስባል። በዚያ ሰሞን ጆሮ ጠቢ ያልተባለ ሰው ቢኖር ደንቆሮ ብቻ ነበር።

የአልጋነሽ ባል ሻምበል ባሻ ወልደጊዮርጊስ የክቡር ዘበኛ ጃዝ ክፍል አንደኛ ትራምፔት ነበር። ከውጊያው ማግስት ከጓደኞቹ ጋር ተይዞ ካምፕ ገባ። ሌሎቹን ሙዚቀኞች፣ «እናንተ ምን ታውቃላችሁ፣ ነፊ ናችሁ» እያሉ በየተራ ሲለቋቸው እሱ ቀረ። የቀረበትም ምክንያት ነበረው። በዐመፁ ቀናት ሬዲዮው በአዋጅና በአዋጅ መካከል አንድ የጃዝ ሙዚቃ ደጋግሞ አሰምቶ ነበር። የትራምፔቱን ድምፅ ከተማው ሁሉ ዐወቀው፤ የወልደጊዮርጊስ ነው። የጣቢያው ዘበኛ ሲጠየቅ፣ «የሙዚቃውን የቴፕ ክር ያመጣው አንድ ጥሩምባ ነፊ ነው፤ ፊቱን ልብ አላልኩትም፤ ጥሩምባውን ግን በትከሻው አንግቶ ነበር» ብሎ ቃሉን ሰጠ። የዚያ ሙዚቃ ክር ለወልደጊዮርጊስ በእጁ እንደተሰጠው ደግሞ ሙዚቀኞቹ ሁሉ መሰከሩ። ለመርማሪዎቹ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? ሙዚቃው ሰውየውን ራሱ ከሰሰው።

አልጋነሽ ይህን ሁሉ የሰማችው በቁርጥራጭ፣ ያውም በሹክሹክታ ነው። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ግን የነገራት የለም። ባሏ በኅዳር አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ፣ በክብ መንኮራኩር ላይ የተጠመጠመ ቡናማ የቴፕ ክር አምጥቶ፣ «አደራ፣ ከነፍሴ ለይተሽ እንዳታዪው» ብሎ ሰጣት። ያኔ የጠረጠረችው ሌላ ነበር። ከክፍሉ ጋር የምትዘፍን አንዲት ሸጋ ልጅ አለች ሲባል ሰምታ ስለነበር፣ የዚያች ሴት ድምፅ ነው ብላ ክሩን ከሳጥኗ ግርጌ ወረወረችው። ባሏ ከታሰረ በኋላ ጥርጣሬዋ መልኩን ለወጠ። ይህ ነገር የሴት ድምፅ ሳይሆን የአድማ ቃል ቢሆንስ? ሊፈትሹ የመጡት ወታደሮች አጥሩን ሲያንኳኩ ክሩን በቆርቆሮ አድርጋ ዱቄት ውስጥ ቀበረችው፤ «ባልሽ የደበቀው ነገር አለ ወይ?» ሲሏትም፣ «አላውቅም» አለች።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ደግሞ አጥናፉ መጣ።

አሥር አለቃ አጥናፉ ሁለተኛው ትራምፔት ነው። ወልደጊዮርጊስ ከወታደር ጥሩምባው ከቡግል ጀምሮ ያስተማረው፣ ሠርጉንም የደገሰለት፣ ከማዕዱ የማይለየው ልጅ ነበር። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ድዱ አብጦ የሕመም ፈቃድ ላይ ስለነበር፣ ጓደኞቹ ሲታፈሱ እሱ ቤቱ ቀረ። ሰው ግን ይህን አልወደደለትም። «ሁሉ ሲታሰር እሱ እንዴት በእግሩ ይሄዳል?» ይላል መንደሩ። አልጋነሽም ማለት ጀምራ ነበር።

«እትዬ አልጋነሽ» አለ አጥናፉ፣ ከበሩ ሳያልፍ ወደ ኋላው እያየ። «ባሻዬ የላኩት ቃል አለ። ‹ክሩን ታቃጥለው› ብለዋል።»

«አንተ የት አግኝተኸው?»

«ስንቅ የሚቀበለው ወታደር የአገሬ ልጅ ነው። በእሱ በኩል ነው።»

«እኔ ሚስቱ ከበሩ ላይ ስንቅ ከማቀበል በቀር አንዲት ቃል እንዳልልክ ተከልክዬ፣ ላንተ የአገር ልጅ ተገኘልህ?»

አጥናፉ ከንፈሩን በምላሱ አራሰ። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ከዚያ፣ «ከከበደዎት እኔ ወስጄ ላቃጥለው» ብሎ እጁን ዘረጋ።

አልጋነሽ የተዘረጋውን እጅ አየችና፣ «አስብበታለሁ፣ ሂድ» አለችው።

ሌሊቱን ስታገላብጠው አደረች። ባሏ ነው ወይስ ልጁ፣ ማቃጠል የፈለገው? ሳታውቅ ብታቃጥል ምን አቃጠለች? ሳታውቅ ብታስቀምጥስ ምን አስቀመጠች? ሲነጋ አንድ ሰው ትዝ አላት። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ሬዲዮና ግራማፎን የሚጠግነው አብዱልሃኪም። ባሏ የዕረፍት ቀኑን የሚያሳልፈው እሱ ሱቅ ነው። ክሩ የሚናገር ከሆነ እዚያ ይናገራል።

ድልድዩን ተሻግራ ዳገቱን ወጣች። ባለ ግራጫ ካፖርቱም ወጣ። ፒያሳ ከወርቅ ቤቶቹ ፊት ስትደርስ አንዱ መስኮት ላይ የጆሮ ጉትቻ የምታይ መስላ ቆመች፤ በመስተዋቱም ውስጥ ሲጠጋት አየችው። በድፍረት ያደገች የመርጌታ ልጅ ነበረችና ፊት ለፊት መያዝ ይሻላል ብላ ዞረች።

«ምን ፈልገህ ነው? ሴት ልጅ እንደ ጅብ የምትከተል!»

ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። ዐይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዐይን ነበር። «ይቅርታ፣ እመቤቴ። አልደፍር ብዬ ነው። ገብረአምላክ እባላለሁ፤ የቤተ ክህነት ጸሐፊ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ክቡር ዘበኛ ነበር። እርስዎ ካምፑ በር ላይ ስንቅ ሲያቀብሉ አይቼ... ስለ እስረኞቹ የሰሙት ነገር ቢኖር ብዬ ነው። ይሙት ይኑር አላውቅም።»

አልጋነሽ ዐፈረች። ስለ ወንድሙ የምታውቀው ነገር አልነበራትም። ሊሰናበታት ሲል ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የቀሩትን ሰኞ ለጦር ፍርድ ቤት ሊያቀርቧቸው ነው ይባላል፤ እግዚአብሔር ይሁናቸው» አላት። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ያ ሰው ነጭ ለባሽ ይሆናል ብላ ስንት ክፉ ነገር አሰበችበት! ይህን አስታውሳ ለሌላውም ጥርጣሬዋ ልጓም ብታበጅ መልካም ነበር። ሰው ግን አንዱን ጥርጣሬ ሲጥል እጁን ለሌላው ባዶ ያደርጋል።

በጊዮርጊስ በኩል አልፋ፣ በታኅሣሥ የዐመፅ መሪዎቹ ሬሳ ተሰቅሎ የሰነበተበትን አቅጣጫ ሳታይ ተሳልማ ወረደች።

ወልደጊዮርጊስ አባቱን በማይጨው ያጣ ልጅ ነበር። ከነፃነት በኋላ የሙዚቃ ተማሪ ሲመለመል ከንፈሩንና ጥርሱን አይተው መረጡት። ሙሴ ሩቤን የሚባል አርመን አስተማሪ መጀመሪያ ያስያዘው ሠራዊቱን የሚያነቃበትና የሚያስተኛበት ቡግል ነው። ከቡግል ወደ ማርሽ፣ ከማርሽ ወደ ጃዝ ተሻገረ። ፒያሳ አንድ ግሪክ ቡና ቤት ውስጥ ከአሜሪካ የመጡ የስዊንግ ሸክላዎች ነበሩ። ወልደጊዮርጊስ አንድ ቡና አዝዞ፣ ቡናው እስኪበርድ ድረስ የሸክላውን ትራምፔት በሦስት ጣቱ ጠረጴዛው ላይ ይከተላል። ኋላ ያንን የሚያወዛውዝ ምት ወስዶ ከአንቺ ሆዬ ቅኝት ጋር አጋባው። በዓል ሲሆን መኳንንቱ ፎክስትሮት የሚረግጡት በእሱ ትራምፔት ነው። የአራዳ ልጆች አፈ ወርቅ ይሉት ነበር። የአልጋነሽ እናት ግን ለሽምግልና ሰው በላከ ጊዜ፣ «ልጄን ለዕድር ጥሩምባ ነፊ ልዳር?» ብለው ሽማግሌዎቹን ቁጭ እንኳ አላሏቸውም። ሦስተኛው ሽምግልና ላይ ነው እሺ ያሉት።

ያን ሁሉ ዘመን አልጋነሽ ባሏ ሲጫወት ሰምታ አታውቅም ነበር። ቴያትር ቤት የጨዋ ሚስት የምትሄድበት አይደለም ተብላ ነው ያደገችው። ቤታቸው ሬዲዮ የለም። እሱም ጎረቤት ይረበሻል ብሎ ቤት ውስጥ አይነፋም። በታኅሣሡ ግርግር የጎረቤት ሬዲዮ ሲጮህ እሷ አልጋ ሥር ተኝታ የምትሰማው ጥይቱን ብቻ ነበር።

አብዱልሃኪም ፂሙን የተከረከመ፣ በአርባዎቹ ያለ የስልጤ ሰው ነው። ስትገባ የተፈታታ ሬዲዮ ላይ አጎንብሶ ነበር። ቆርቆሮውን ከፍታ ስታሳየው ምንም ሳይል ተነሥቶ በሩን ዘጋ፤ መቀርቀሪያውንም አወረደ።

«ይሄን ይዘሽ ነው በአደባባይ የመጣሽው? ወላሂ ጀግና ነሽ፤ ወይም ዐላወቅሽም።»

«ዐላወቅሁም። ለማወቅ ነው የመጣሁት። በውስጡ ያለውን አሰማኝ።»

የቡና ቤቱ ግሪክ ለጥገና የተወው የቴፕ መሣሪያ ከመደርደሪያው ላይ ነበር። አብዱልሃኪም አውርዶ ክሩን አጠመደው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወደዚህ ተጠጊ» አላት። አልጋነሽ የመሐላ ቃል ይሁን የሴት ሳቅ፣ ምን እንደምትሰማ ሳታውቅ ጆሮዋን ሰጠች።

መጀመሪያ የተሰማው የወንበር መንሿቀቅና ሳል ነው። ቀጥሎ ከበሮው በቀስታ መጣ፤ ሳክስፎኖቹ ተከተሉ። ከዚያ ትራምፔቱ ገባ።

እንደ ዕድር ጥሩምባ አልነበረም። ከከበሮው ኋላ ቀረት ይላል፤ የቀረ ሲመስል ደግሞ ደርሶ ይዘነበላል። አልጋነሽ ይህን አዘነባበል ታውቀዋለች። አባቷ ከመዘምራኑ ጋር መቋሚያ ይዘው ለዝማሜ ሲወዛወዙ፣ ትከሻቸው ከከበሮው ጥቂት ዘግይቶ የሚወድቀው እንዲህ ነበር። ባሏ ይህን የት አገኘው? በየዓመቱ ጥር ላይ ታቦቱን ሲያጅብ ከመዘምራኑ ኋላ የሚቀረው ለጸሎት ብቻ ይመስላት ነበር። ዐይኗ እንባ አቀረረ። ሰባት ዓመት አብራው ኖራ፣ ከሰውየው ግማሹን ያገኘችው ዛሬ፣ ያውም እሱ በሌለበት ነው።

መሐሉ ላይ ሌላ ትራምፔት መለሰለት። ግራና ቀኝ እንደቆሙ መዘምራን አንዱ ያነሣል፣ አንዱ ይቀበላል። ሁለተኛው ቀጭን ነው፤ ነገር ግን አንደኛው ሊወድቅ የመሰለበት ቦታ ሁሉ ከሥሩ ገብቶ ይደግፈዋል።

«ይሄኛውስ?» አለች።

«አጥናፉ ነው።»

ሙዚቃው አለቀ። ክሩ ግን ገና ይዞር ነበርና የባሏ ሳቅ ተሰማ። «አንተ ሌባ! ያችን ነገር ደግሞ ከየት ሰረቅሃት?» አለ ወልደጊዮርጊስ፤ ወጣቱም ሳቀ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። የሴት ድምፅ የለም፤ የአድማም ቃል የለም። ሆኖም አልጋነሽ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ልቧ የያዘው አንዲቱን ቃል ነው። ሌባ።

«ቴያትር ቤቱ መድረክ ላይ በኅዳር ሲቀዳ ሽቦውን የዘረጋሁት እኔ ነኝ» አለ አብዱልሃኪም። «‹የእሪ በከንቱ ቁልቁለት› ይለዋል ባልሽ። በሬዲዮ ያሰሙት ይሄንኑ ነው።»

«በሬዲዮ ያሰሙትማ ይሄ አይደለም። ይሄ ከኅዳር ጀምሮ ከሳጥኔ አልወጣም።»

አብዱልሃኪም መሣሪያውን አጠፋ። «ሙዚቃውን የቀዳው ፈረንጅ ሁለት ክር ነው ያወጣው። አንዱን ሙዚቀኞቹ ሁሉ እያዩ ለባልሽ ሰጠው። ሁለተኛውን የገለበጠው መሣሪያቸውን ሰብስበው ከሄዱ በኋላ ነው፤ ብዙዎቹ አላዩም። እሱ ለክፍሉ ተብሎ ከመሣሪያዎቹ ጋር ዕቃ ቤት ገባ።»

አልጋነሽ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ማን ጋ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። አጥናፉ ማዕዷ ላይ ሲቀመጥ ቁልፉ ከቀበቶው ላይ ሲንሿሿ ስንት ጊዜ ሰምታለች! ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ግጥም አለላት። ክሩን ለዐመፀኞቹ ያደረሰው እሱ ነው። አሁን ይሄኛው ከተቃጠለ፣ የነበረው አንድ ክር ብቻ ነው ይባላል፤ እሱም የወልደጊዮርጊስ ነው። ባሏ በልጁ ፈንታ ይሰቀላል። «ባሻዬ ብለዋል» ያለው ለዚህ ነው! እጁንም የዘረጋው!

«እህቴ» አለ አብዱልሃኪም፣ ፊቷ ሲለዋወጥ አይቶ። «አጥናፉን መጀመሪያ ጠይቂው። ሰው አፉ ሳይጠየቅ አይፈረድበትም።»

«ብጠይቀው ምን ይለኛል? የዋሸ ሰው ሁለተኛ መዋሸት ያቅተዋል?»

«ሌላ መሣሪያ ቢኖረኝ እገለብጥልሽ ነበር። ይሄን ከሰጠሻቸው አይመልሱልሽም። የሰውየው ሥራ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው።»

«የሰውየው አንገትስ?» አለች አልጋነሽ። ክሩንም ወደ ቆርቆሮው መለሰችው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መርማሪው ሻለቃ ፊት ቆመች። ሻለቃው ወፍራም፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነበር። ቆርቆሮውን ከፍቶ ክሩን አወጣና ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ መሳቢያውን ሳበ። ከውስጡ ሌላ ክር አውጥቶ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ሁለቱም ላይ ፈረንጁ በራሱ እጅ ጽፎ የለጠፈው ወረቀት አንድ ዓይነት ነበር።

«ከሬዲዮ ጣቢያ የተያዘው ይሄኛው ነው» አለ። «አንድ ብቻ ነው ሲሉን ነበር። ያንቺው የት ከረመ?»

«ሳጥኔ ውስጥ። ኋላም ዱቄት ውስጥ፣ ጌታዬ።»

«ስትጠየቂ ለምን ካድሽ?»

«ፈራሁ። ምን እንዳለበት አላውቅም ነበር።»

«አሁንስ ዐወቅሽ?»

«ሙዚቃ ነው ያለበት፣ ጌታዬ። ሙዚቃ ብቻ።»

ሻለቃው ፈገግ አለ። «ባልሽ ይህን ሁሉ ጊዜ ‹ክሩን ያደረስሁት እኔ ነኝ› አላለም፤ ‹አይደለሁም›ም አላለም። ስንጠይቀው ዝም ይለናል። እኛም ዝምታውን የእምነት ቃል አድርገነው ነበር።» ጣቱን ከመሳቢያው በወጣው ክር ላይ አሳረፈ። «እንግዲህ ይሄኛው የት ነበር የሚቀመጠው?»

«ዕቃ ቤት ነበር ይላሉ።»

«ቁልፉን ማን ይይዝ ነበር?»

ከውጭ የወታደር ጫማ ኮቴ ይሰማ ነበር። ከአልጋነሽ አንደበት ስም አልወጣም። ነገር ግን «አላውቅም»ም አላለችም። ሻለቃው ጥቂት ጠብቆ በር ላይ ወደቆመው ወታደር ዞረ። «የሙዚቃ ክፍሉን የንብረት ኃላፊ ጥራልኝ። አንቺ መሄድ ትችያለሽ።»

ሁለቱ ክሮች ከዚያ መሳቢያ ወዴት እንደሄዱ ያወቀ የለም። ወልደጊዮርጊስ በኋላ ዘመን በየሆቴሉ ተጫውቷል፤ ሸክላም አስቀርጿል፤ ሸክላዎቹንም ሰው ወዶለታል። «የእሪ በከንቱ ቁልቁለት»ን ግን ዳግመኛ አልነፋም። ተዋዝቶም ተለምኖም እምቢ አለ።

የዚያን ዕለት ቅዳሜ አልጋነሽ ዳገቱን ስትወጣ፣ «እኔ ስም አልጠራሁም» ትል ነበር ለራሷ። አፍንጮ በር እስክትደርስ አለችው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆማም አለችው።

ሰኞ ቀትር ላይ ወልደጊዮርጊስ በእግሩ መጣ። ራሱን ተላጭቶ፣ ከንፈሩ በድርቀት ተሰነጣጥቆ፣ ካኪው ሰፍቶት። እናቷ፣ ያ ሁሉ ንቀት የት እንደገባ እንጃ፣ እልል ብለው ጉልበቱን ሳሙት። ጎረቤት ተሰበሰበ። እግሩን አጠበችው፤ ምሳ ቀረበ። ጎረቤቱ አንድ በአንድ ሲወጣለት እጁን ከመሶቡ ሳያደርስ፣ «አጥናፉ መጥቶልሽ ነበር?» አላት።

«መጥቶ ነበር። እንዴት አድርጎ ሊያጠፋህ እንደመጣ ብትሰማ! ክርህን ሊያስቃጥለኝ...»

«አቃጠልሽው?»

«እኔን ሞኝ አደረግኸኝ? ለሻለቃው ሰጠሁት እንጂ! ምን ያስፈታህ ይመስልሃል?»

ወልደጊዮርጊስ ወደ መሶቡ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። አልተቆጣም። ፊቱ ላይ ያየችው ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

«እኔ ነኝ የላክሁት» አለ።

አልጋነሽ አልገባትም።

«አቃጥዪው ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። ልጁ ፈቃድ ላይ እያለ የረሳውን የትራምፔቱን መንፊያ ጫፍ ሊወስድ ጥሩምባውን አንግቶ ዕቃ ቤት ሄደ፤ በዐመፁ ቀን፣ ተኩሱ ሳይጀመር። አንድ መኮንን ሽጉጥ ታጥቆ እዚያ አገኘው። ‹ያንን አዲሱን ሙዚቃ ይዘህ ወደ ሬዲዮ ጣቢያ› አለው። ወታደር ነው፤ ምን ይበል? አድርሶ ሲመለስ እኔ ጋ መጥቶ አለቀሰ። አፍህን ዝጋ አልሁት። እኛ ሁላችን ከጦር ሰፈራችን ሳንወጣ የተያዝን ነን፤ ‹ታዘዝን› ብንል ያምናሉ። እሱ ግን ከሕመም ፈቃድ በገዛ እግሩ ሄዶ የተገኘ ነው። ማን ያምነዋል? እኔ ዝም ብል ማዕረግ አለኝ፣ አገልግሎት አለኝ፤ ጥቂት ዓመት አስረው ይለቁኛል ብዬ አሰብሁ።»

«ቢሰቅሉህስ?»

«አልሰቀሉኝም።»

«ለምን አልነገርኸኝም? ለምን እሱ አልነገረኝም?»

«እንዳይነግርሽ ያስማልሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «ብነግርሽስ፣ አልጋነሽ፣ ታቃጥዪው ነበር?»

መልስ ፈለገች። እንደ ሚስት የሚሆን መልስ ነበራት፤ እንደ ሰው የሚሆን ግን ቸገራት። ወልደጊዮርጊስ ጫማውን አጠለቀና ወጣ። እሷም ነጠላዋን አንሥታ ተከተለችው።

አጥናፉ የሚኖረው ዶሮ ማነቂያ ነው። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ወረዱ፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ግቢው ሲደርሱ በሩ ክፍት ነበር። ሳጥኑ ተገልብጦ፣ ልብሱ መሬት ላይ ተበትኗል። ሰገነት የምትባለው የአጥናፉ ሚስት ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሕፃኗን ታጠባ ነበር። ወልደጊዮርጊስን ስታይ ተነሥታ፣ ሕፃኑን እንደታቀፈች እጅ ነሣች።

«እንኳን ለዚህ አበቃዎት፣ ባሻዬ።»

«መቼ ወሰዱት?»

«ጠዋት። እርስዎ ሊፈቱ ነው ሲባል ትናንት ማታ ከአገሩ ልጅ ሰምቶ ነበር። ደስ አለው፣ ባሻዬ፤ እውነቴን ነው። ‹እንግዲህ ወደኔ ይመጣሉ› አለና ሸሚዙን ቀይሮ ወታደሮቹን ጠበቃቸው። ሽሽ ብዬ ብለምነው፣ ‹ብሸሽ መልሰው እሳቸውን ይይዛሉ› አለኝ።»

ወልደጊዮርጊስ ከደጃፉ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

አልጋነሽ አንድ እርምጃ ቀረበች። «ሰገነት፣ እህቴ፣ እኔ ስም አልጠራሁም...»

ሰገነት ያን ጊዜ ነው ቀና ብላ ያየቻት። ይህች ልጅ ከተሞሸረችበት ቀን ጀምሮ አልጋነሽን «እርስዎ» ካላለች አታናግራትም ነበር።

«አንቺ ባልሽን አወጣሽ» አለች። «እኔም ብሆን እንዲያው አደርግ ነበር፤ አልፈርድብሽም። ደጄን ግን ከእንግዲህ እንዳትረግጪው።»

አልጋነሽ ባሏን አየች። ቀና አላለም። «ሂጂ፣ እኔ እቆያለሁ» አላት፣ ራሱን እንደያዘ።

ብቻዋን ወደ ፒያሳ ወጣች። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ደርሶ ነበር። አንዱ ወርቅ ሠሪ ከሱቁ በራፍ ላይ ቆሞ፣ ከሳምንታት በፊት ሰላምታዋን እንኳ ላለመቀበል ፊቱን ያዞረ ሰው፣ ዛሬ ባርኔጣውን ከፍ አደረገላት።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ ወይዘሮ አልጋነሽ! ባልሽ ተፈታልሽ አሉ!»

መንገደኛው ዞር ዞር ብሎ አያት። አልጋነሽ ነጠላዋን አስተካከለች።

«እንኳን አብሮ ደስ አለን» አለች፤ መንገዷንም ቀጠለች።